የውሃ ልክ

በወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ጤዛው ከሣሩ ሳይረግፍ፣
ሰባት ብልቃጥ ይዘን ወረድን፣ ከኦተር ጅረት አፋፍ፣
ፊንድሌይ ዳር፣ ኦሃዮ።
አምስት ነን። ማርሊስ፣ ኬሚስትሪ ያስተማረች፣ ጡረታ የወጣች፣
ከሁላችን ቀድማ ወርዳ፣ ውሃው ውስጥ ትቆማለች።

ወንዝ ማለት ያጎላታል፤
ልጅ ተንደርድሮ ይዘላታል።
ከዴልበርት ሹማከር ማሳ ተነሥታ፣
በእኛ ሰፈር ድልድይ ሥር ሾልካ ወጥታ፣
ብላንቻርድ ትገባለች፤ እሱ ወደ ሞሚ፣ ሞሚ ወደ ኢሪ ሐይቅ፣
አንዱ የጣለውን ሌላው ሲሸከም፣ "ምንድን ነው?" ብሎ ሳይጠይቅ።

በሐምሌ ሐይቁ ይለመልማል።
ለምለም ስንል ደግ ነበር፤ ይሄኛው ለምለም ይገማል።
ጎመን የተፈጨበት ይመስላል፤
ዓሣው በጀርባው ተንሳፍፎ ከድንጋዩ ይላተማል።
"ውሻዎን ከዚህ አያጠጡ" ይላል የዳሩ ሰሌዳ።
ስለ ባለ ውሻው ዝም።

ሳንለካ ፈረድን።
ዴልበርት ነው አልን፤ ስድስት መቶ ኤከር በቆሎና አኩሪ አተር፣
ከማሳው ሥር የተቀበረ ቱቦ፣ ጅረቷ ላይ እያንዠቀዠቀ የሚያድር፣
መጋቢት ሲገባ የአሳማ ፍግ ጭኖ የሚያጓራ ታንከር።
ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ስብሰባው ላይ፣ እኔ ነኝ የተነሣሁት፤
"የላዩ ካደፈረሰ የታቹ ምን ይጠጣ?" ብዬ ያፋጠጥኩት።
እሱ ከኋላ ወንበር፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር፣ ሲያዞር፣
"እንግዲያ ለኩት" አለና ወጣ፣ ሳያላጋ በር።

ለካን።
ዱቄቷ ብልቃጥ ውስጥ ገብታ አሥር ደቂቃ ከቆየች፣
ፎስፈረስ ያለበትን ውሃ ሰማያዊ ታደርጋለች፤
ሲበዛ ታጠቁረዋለች።

የዴልበርት ቱቦ ውሃ የታጠበ ጂንስ መሰለ።
አላመንንም። ደግመን ቀዳን፤ ያው ሆነ፣ ፈዘዝ እንዳለ።
ኋላ ነው ያስተዋልነው፤ ከጅረቷ ዳር ሃያ እርምጃ ሣር ትቷል፤
በቆሎው ሲነሣ መሬቱን ራቁቱን አያሳድረውም፣ አጃ ያለብሰዋል፤
ፍጉን አፈር ሥር ይቀብራል፣ ሰማይ ከጠቆረ ታንከሩን ያቆማል።

ስድስተኛው ግን፣
ከእኛ ሰፈር ጎርፍ መውረጃ የተቀዳው፣
የብዕር ቀለም።
ማርሊስ ወደ መስኮቱ አንሥታው "ይሄ የማን ሰፈር ነው?" አለች።
ማንም አልመለሰም። እኔም።

ዓርብ ማታ ነበር። "ነገ ይዘንባል" ሲል ሬዲዮ ሰማሁና፣
አዲስ ለዘራሁት ሣር ሃያ ኪሎ ማዳበሪያ በተንኩና፣
"ቧንቧ ከምከፍት ዝናቡ ያጠጣልኝ" አልኩ።
ፍሬው ሲሚንቶው ላይ ሲንከባለል፣ ከመኪናው ጎማ ሥር ሲገባ እያየሁ፣
"ዝናቡ ይጠርገዋል" ብዬ በሬን ዘጋሁ።
ጠረገው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባል ነበር። ታፈሰ፣ ጣት በምታህል ብልቃጥ፣
ቁጥርና ቀን ተለጥፎበት፣ የእኔን ዓርብ ሊያጋልጥ።
ለካ ስንለካ ስንከርም የተለካነው እኛ ነን።

ዴልበርት ጋ ሄድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ፣ ትራክተሩ ሥር እንደተኛ፣
"አይደለም" አለኝ "ዝናብ ያንተ ሠራተኛ።"
ከዚያ ቁልፍ አቀብለኝ አለ፤ አሥራ አራት ቁጥር።

አሁን በሬ ሥር መጥረጊያ አለ። የወደቀውን ፍሬ ጠርጌ ወደ ከረጢቱ እመልሳለሁ፤
በቦዩ ዳር ስድስት እርምጃ ሣሩን ሳላጭድ እተዋለሁ።
የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈልኝ፤
"ሣርዎ ከልክ በላይ አድጓል" አለኝ።
ልክ!

ስድስተኛው ብልቃጥ በዚህ ወር የፈዘዘ መሰለኝ፤
ማርሊስ መነጽሯን አድርጋ "ያው ነው" አለችኝ።
ምናልባት ጎረቤቴ ነው። ምናልባት አፈሩ ነው፣ ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ቀስ እያለ የሚመልስ።
ደብዳቤውን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነበር፤
የብልቃጡን ቁጥር ጻፍኩበት፣ ከነቀኑ፣ በእርሳስ።